መጸው በዓባይ ድልድይ ላይ

በዛሬው ትምህርታዊ ንግግራችን የምንመለከተው ክረምቱ ሊወጣ መጸውም ሊተካ በተቃረበበት ወቅት በሰማይና በምድር፣ በውኃና በዕፀዋት ላይ ስለሚታየው ለውጥ ነው። እኔም በየማለዳው ከዘንዘልማ ተነሥቼ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ፣ በባሕር ዳር መካከል አልፌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወደሚገኘው የሥራ ቦታዬ በብስክሌት ስለምመላለስ፣ የትምህርቱን ነገር በዚሁ መንገድ ላይ ዓይኔ ከሚያርፍባቸው ነገሮች እያነሣሁ ላስረዳችሁ አስቤአለሁ።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የዚህ ዘመን መግባት የሚታወቀው ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ በመርገፉ፣ ቀኑም ከሳምንት ወደ ሳምንት ፈጥኖ በማጠሩ ነው። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ርቃ በምትገኘው በባሕር ዳር ግን በዓመቱ ረጅም መዓልትና አጭር መዓልት መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል ስለማይበልጥ፣ ዛፎቹም አብዛኞቹ በመስከረም እጅግ የሚለመልሙ እንጂ የሚራቆቱ ስላልሆኑ፣ በእነዚህ በሁለቱ ምልክቶች ዘመንን ለማወቅ የሚሻ ሰው ምንም ሳያይ መንፈቅ ያልፈዋል። በእኛ አገር መጸው የሚመጣው በውኃ፣ በጤዛ፣ በአበባና በአዕዋፍ በኩል ነው፤ አመጣጡም ቀስ በቀስ፣ አንዱ ምልክት ሌላውን ሳይቀድም፣ እያንዳንዱ ተራውን እየጠበቀ ስለሆነ፣ ሥርዓቱን ለመረዳት የሚችለው አንዱን መንገድ በየዕለቱ የሚመላለስ፣ ሲመላለስም የማይቸኩል ሰው ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት ከብስክሌት የተሻለ መጓጓዣ አላውቅም። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ሰው ሩቅ መንገድ በጥቂት ጊዜ ይሸፍናል፤ ነገር ግን የእርሻውን ሽታ፣ የወፉን ድምፅ፣ በሸለቆው ውስጥ የተኛውን ቅዝቃዜ ሳይነካ አያልፍም። ባሕር ዳርም ለብስክሌት የተፈጠረች ትመስላለች፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ስትሆን፣ በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሥራ ሲጀምሩ፣ በነዚያው ዓመታትም ጀርመናውያን የከተማ ፕላን አዋቂዎች ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቿን ሲነድፉላት፣ ሠራተኛውና ተማሪው በብስክሌት መሄድን የከተማው ልማድ አድርጎ ያዘው። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ የብስክሌተኛው ቁጥር እየሳሳ መሄዱ እኔን ያሳዝነኛል፤ የሚያሳዝነኝም ስለ ልማዱ ብቻ ሳይሆን፣ ዘመን ሲለወጥ የሚያይ ዓይን አብሮ እንዳይጠፋ ስለምሰጋ ነው።

እንግዲህ ከሰማይ እንጀምር። ፀሐይ በቀትር ጊዜ ልክ በባሕር ዳር አናት ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ፣ ሁለተኛው ደግሞ በነሐሴ አጋማሽ፣ ጾመ ፍልሰታ በሚፈታበት በነሐሴ 16 አካባቢ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ሲወድቅ፣ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ግን ወደ ሰሜን ይዞራል። ደመናው ገለጥ ባለበት ዕለት እኩለ ቀን ላይ በብስክሌት የሚሄድ ሰው ጥላው ጎን ለውጦ ቢያገኘው፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ መንገድ እንደ ጀመረች ከራሱ ጎማ ሥር ይማራል። መስከረም 12 ወይም 13 ቀን ፀሐይ በምድር ወገብ ላይ ትደርሳለች፤ ከዚያም ወዲያ ትሄዳለች።

ዝናቡም ፀሐይን ይከተላል፤ ሆኖም ምድርና ባሕር ሙቀትን ቀስ ብለው ስለሚቀበሉና ቀስ ብለው ስለሚለቁ፣ የዝናቡ መቀነት ከፀሐይ በብዙ ሳምንታት ዘግይቶ ይጓዛል። በየዓመቱ በባሕር ዳር ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ እርጥበት ተሸክሞ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ በመስከረም እየደከመ፣ በስፍራው ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ይተካል። ለብስክሌተኛ ይህ የነፋስ መለዋወጥ የመጽሐፍ ነገር አይደለም፤ ከዘንዘልማ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚያቀና ስለሆነ፣ በክረምት ደረቱን ይገፋው የነበረው ነፋስ በጥቅምት ከኋላው ሆኖ ሲያግዘው ጉልበቱ ራሱ ይነግረዋል።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ይህንን ሁሉ በየጊዜው ተመልክተው ዓመቱን በ4 ከፍለውታል፤ ይኸውም ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ሐጋይ ወይም በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ታላቁ ክፍፍል ሳይሆን፣ ክረምቱን ራሱን በየጥቂቱ ሳምንት ለይተው ያወጡለት ትንንሹ ስም ነው። ነጎድጓዱና መብረቁ የሚበረታበት፣ አፍላጋትም የሚሞሉበት ጊዜ የራሱ ስም አለው፤ ከነሐሴ 10 ጀምሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ገደማ ያለው ጊዜ ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ እየተባለ የቁራ ጫጩቶችና በውኃ የተከበቡ ደሴቶች፣ የፍጥረትም ሁሉ ዓይን ወደ ፈጣሪው የሚያይበት ሆኖ ይታሰባል፤ ከዚያም እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ጎሕ፣ ነግህ፣ ጽባሕ ይባላል። ደሴቶቹ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ከፊታቸው በሚታዩባት በባሕር ዳር ለሚኖር ሰው፣ እነዚህ ስሞች በቅዳሴ መካከል የሚሰሙ ብቻ ሳይሆኑ በየማለዳው የሚታዩ ናቸው።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከዘንዘልማ ስነሣ በግራም በቀኝም ያለው እርሻ በነሐሴ ማለቂያ ገና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ በቆሎው ከሰው ቁመት አልፎ፣ ዳጉሳው በጉልበት ልክ ሆኖ፣ ጤፉም ገና ሳር መስሎ ይታያል። በዚህ ሰሞን በመንገዱ ዳር የከሰል ምድጃ አስቀምጠው እሸት በቆሎ የሚጠብሱ እናቶችና እኅቶች ይታያሉ፤ ጢሱም ከእርጥቡ አፈር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ከሩቅ ይጣራል። የእሸቱ መውጣት ለገበሬው ቤተ ሰብ ታላቅ ነገር ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራው ባለቀበት፣ አዲሱ መኸር ግን ገና ሁለትና ሦስት ወር በቀረበት በዚያ አስጨናቂ ጊዜ ቤቱን የሚደግፈው እሱ ነውና።

ጳጉሜን ስትገባ ዝናቡ ዓይነቱን ይለውጣል። በሐምሌ ቀኑን ሙሉ ጨፍኖ ይውል የነበረው ሰማይ አሁን ጠዋት ተገልጦ፣ ከቀትር በኋላ ብቻ ተሰብስቦ፣ በኃይል ዘንቦ ይከፈታል። በሩፋኤል ዕለት ጳጉሜን 3 ቀን የሚዘንበውን ዝናብ ሕፃናት እንደ ጠበል ቈጥረው በየደጁ እየዘለሉ ሲጠመቁበት ማየት፣ በካፖርት ተጠቅልሎ ለሚያልፍ ብስክሌተኛም ቢሆን ልብን ደስ ያሰኛል። ይህ ጊዜ ለተሽከርካሪው ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፤ ቸርኬው ሲርስ የፍሬኑ ጎማ ወዲያው አይዝም፤ ጭቃው ደግሞ ከካቴናው ጋር ተለውሶ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ካቴናውን በጨርቅ ጠርጎ ጥቂት ዘይት ማንጠብጠብ፣ ውኃ ካቆረው ጉድጓድም መራቅ ይገባል።

የአዲሱ ዓመት ዋዜማ ሲደርስ በመንገዱ ዳርቻ፣ በቦዩና በድንጋዩ መካከል፣ የአደይ አበባ ቢጫ ይፈነዳል። አደይ ዓመቱን ሁሉ በዘር ሆና በአፈር ውስጥ ቈይታ፣ ክረምቱ ሲያጠግባት በቅላ፣ በመስከረም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የምታብብ ናት። ወዳጆቼ፣ ከብስክሌታችሁ ወርዳችሁ አንዲቱን በቅርብ ተመልከቱ። አንድ አበባ የምትመስለን አደይ በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ናት፤ በመካከሏ እንደ ነጥብ ተጠጋግተው የሚታዩት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ሲሆኑ፣ ዘር የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ በዙሪያዋ የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አበቦች ሆነው፣ ሥራቸው ንቡንና ቢራቢሮውን ከሩቅ መጥራት ነው። ኑግና ሱፍ ከእርሷ ጋር አንድ ቤተ ሰብ ስለሆኑ አበባቸው በዚሁ ሥርዓት የተሠራ ነው። በጎጃም ገጠር ልጃገረዶች እንግጫ የተባለውን ሣር ነቅለው ከአደይ ጋር እየጐነጐኑ የዘመኑን መለወጥ የሚያበሥሩትም በዚሁ ሰሞን ነው።

ከዚያ ወደ ድልድዩ ስንወርድ፣ በግራ በኩል የቤዛዊት ኰረብታ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ያለበት፣ በማለዳው ጉም ውስጥ ራሱን ብቻ ብቅ አድርጎ ይታያል። መንገዱ ወደ ወንዙ ሲያዘቀዝቅ ብርዱ በድንገት ፊትን የሚመታው ለምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ሌሊቱ በደመና በተሸፈነ ጊዜ ደመናው ከምድር የሚወጣውን ሙቀት መልሶ ያስቀረዋል፤ በመስከረም ሰማዩ ሲጠራ ግን ምድር ሙቀቷን ወደ ጠፈር ስለምትለቅ ከላይዋ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየርም ከሞቃቱ ይልቅ ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ እየፈሰሰ በወንዙ ሸለቆ ይሰበሰባል። ያው ቅዝቃዜ በሣሩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል፤ በሐይቁም ላይ፣ ውኃው ከአየሩ ይልቅ ሞቅ ብሎ ስለሚያድር፣ ከገጹ የሚነሣው እንፋሎት ወዲያው ተጨብጦ ጉም ይሆናል። ይህ ጉም የክረምቱ ጉም አይደለም፤ ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር እየሳሳ፣ ገና ሠራተኛው ሥራ ሳይገባ የሚጠፋ የመጸው ጉም ነው።

በድልድዩ ላይ ጥቂት እንቈይ፤ የዚህ ንግግር ዋና ነገር ያለው እዚህ ነውና። በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ያለውና ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የሚሆን መንገድ የተተወለት ስለሆነ፣ ሰው ተሽከርካሪ ሳይፈራ ቆሞ ዓባይን ከጣና ሲወጣ ለማየት ይችላል። ብዙ ሰዎች ሐይቁ የሚሞላው ዝናቡ በሚበረታበት በነሐሴ ይመስላቸዋል፤ ዳሩ ግን ጣና ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም ማለቂያና በጥቅምት መባቻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ይህ ሐይቅ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የተባሉት ታላላቅ ገባሮቹ ከየአቅጣጫው ሲያፈሱበት መውጫው ግን ይህ አንድ ዓባይ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ዝናቡ ቢቀንስም ወንዞቹ የሚያገቡት ውኃ በዓባይና በትነት ከሚወጣው እስከበለጠ ድረስ ሐይቁ መሙላቱን አያቋርጥም። በዓመት ውስጥ ከፍታው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወጣና ይወርዳል። ዛሬ የሰው እጅ ገብቶበታል፤ በ1980ዎቹ ማለቂያ በመውጫው ላይ የተሠራው የጨራ ጨራ ግድብ የሚለቀቀውን ውኃ ይቈጣጠራል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከሐይቁ ውኃ ከፊሉን በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። በዚህም የተነሣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሙሉ ግርማውን ለማሳየት ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚደረገው በዚሁ በክረምቱ መውጫ ነው።

የውኃው ኅብርም ይናገራል። በነሐሴ ደፍርሶ እንደ ጠላ ጉሽ የነበረው፣ በመስከረም እየዋለ እያደረ ይጠራል። ያ ድፍርስ ከጉማራና ከርብ፣ ከግልገል ዓባይም ተዳፋት ታጥቦ የመጣ የገበሬው አፈር መሆኑን ሳስብ የወንዙ ውበት ሙሉ ደስታ አይሰጠኝም። አፈሩ የሚጣራበት መረብ ደግሞ በዳርቻው የበቀለው ደንገል ነው፤ ደንገል የጐርፉን ጉልበት አብርዶ ደለሉን ያስቀራል፣ ዓሣው በሥሩ ይራባል፣ ወፉ በራሱ ላይ ጐጆውን ይሠራል፤ የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ከአባቶቻቸው በተቀበሉት ጥበብ ታንኳ የሚሠሩትም ከእርሱ ነው። ታንኳው ውኃ እየጠጣ የሚከብድ ስለሆነ ከሥራ በኋላ በዳርቻ ቆሞ ይደርቃል፤ ቢሆንም ዕድሜው ከጥቂት ወራት አያልፍምና በየጊዜው አዲስ ደንገል ይታጨዳል። ደንገሉ በእርሻና በግንባታ እየተገፋ ከብዙ ስፍራ መጥፋቱ፣ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የታየው እምቦጭ መንሰራፋቱ፣ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ መመዝገቡን በስም ብቻ እንዳያስቀረው የሚመለከተው ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

ከዓይን የተሰወረም ነገር አለ። በጣና ውስጥ ከሌላ ከየትም የማይገኙ ደርዘን የሚያልፉ የባርበስ ወገን የሆኑ ዓሦች ሲኖሩ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሐይቁን ትተው በጉማራና በሌሎቹ ገባሮች ሽቅብ እየወጡ፣ ጠጠራማና አየር የበዛበት ንጹሕ ወራጅ ውኃ ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚህ ጉዟቸው ላይ መረብ ዘርግቶ የገባሮቹን አፍ መዝጋት የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ ከወዲሁ መፍጀት ስለሆነ፣ በገበያ ዓሣ የምትገዙ አድማጮች በእነዚህ ወራት ቆሮሶውን ወይም አምባዛውን ብትመርጡ መልካም ታደርጋላችሁ።

ከድልድዩ ወዲህ ከተማው ነው፤ ዘንባባዎቹ በሁለት ረድፍ ታጥበው ቆመዋል፣ ተማሪዎችም አዲስ ደብተር ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ይጐርፋሉ። በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ በመስከረም አጋማሽ አንዲት ትንሽ ሆዷ ቢጫ የሆነ፣ ጭራዋን ሳታሳርፍ ወደ ላይና ወደ ታች የምትነቀንቅ ወፍ ካያችሁ፣ ከአውሮፓና ከእስያ በረሃና ባሕር አቋርጣ የመጣች እንግዳ መሆኗን እወቁ፤ የዚያ አገር መጸው ያባረራትን ወፍ የእኛው መጸው ትል በበዛበት እርጥብ መስክ ይቀበላታል።

መስከረም 26 ቀን መጸው ሲገባ ዘመነ ጽጌም አብሮ ይገባል፤ እስከ ኅዳር መጀመሪያም 40 ቀን ይቈያል። በእነዚያ ሳምንታት እሑድ ንጋት ላይ በጊዮርጊስ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ሌሊቱን የቆመው ማኅሌት ሲያልቅ ይደርስና፣ ካህናቱ ከበሮና ጸናጽል አስቀምጠው፣ ድካም የተቀላቀለበት ፍሥሐ በፊታቸው ላይ እየታየ ሲወጡ ያገኛቸዋል። አደይ በዚያን ጊዜ ጠውልጋ ዘሯን በትናለች፤ ቢጫውን ከእርሷ ተቀብሎ እርሻውን የሚሞላው ኑግ ነው። ኑግ በራሱ ብናኝ እምብዛም የማያፈራ ተክል ስለሆነ ዘር የሚይዘው ንብ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትመላለስበት ነው፤ ንቧም በምላሹ ቀፎዋን ስለምትሞላ በኅዳር የሚቈረጠው ማር የእነዚህ አበቦች ዋጋ ነው። በዚያው ሰሞን ከሰሜን በመንጋ የሚመጡት ግራጫ ላባ ያላቸው፣ እግረ ረጃጅም አዕዋፍ በጣና ዙሪያ ባሉ ሜዳዎች ላይ ከርመው የእህል ቃርሚያ ለመልቀም ይደርሳሉ።

ሐይቁም ከጥቅምት በኋላ ቀስ እያለ መሸሽ ይጀምራል፤ ውኃው በተወው ጥቁር አፈር ላይ፣ በፎገራና በደምቢያ ሜዳ፣ ገበሬው ዝናብ ሳይጠብቅ በቀረው እርጥበት ብቻ ሽንብራና ጓያ ይዘራል። ይህ ያለ ዝናብ የሚበቅል አዝመራ እንዴት እንደሚያድግ፣ አፈሩስ ያን ያህል እርጥበት እንዴት እንደሚይዝ በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናስረዳለን።